የሃያ ስምንተኛው ቀን ኪዩቦች

ሰውየው የሞተው ወገብ በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነው። ሰኞ ጠዋት በቤቶች ግንባታ ሳይቱ የአርማታ ላቦራቶሪ ስንደርስ በደረቱ ተደፍቶ፣ አንድ እጁ በገንዳው ጠርዝ ላይ ቀርቶ ነበር። ከጆሮው በላይ ተፈንክቷል። ከሥሩ የአርማታ ኪዩቦች ተደርድረዋል፤ በየአንዳንዱ ላይ ቀንና የብሎክ ቁጥር በጥቁር ቀለም ተጽፏል።

«ኪዩብ ነበር የምንለው» አለ ዘበኛው፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሻሸ። «እነዚህን የሚፈትናቸው እሱ ስለሆነ፣ እውነተኛ ስሙን የሚጠራ አልነበረም። ሁሌ አንድ ሰዓት ላይ ሻይ አደርስለታለሁ። ዛሬም ይዤ ገባሁ።»

ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዞ ቆሟል።

«እሱ ስንት ሰዓት ገባ?»

«አስራ አንድ ተኩል። እንደ ልማዱ።»

«ከእሱ በኋላስ?»

«ማንም አልገባም። ሠራተኛ የሚገባው ከአስራ ሁለት ተኩል በኋላ ነው። እኔም ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ሃያ ዓመት ፖሊስ ሆኜ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው «ማንም» ሲል ብዙ ሰው ረስቶ እንደሚናገር ነው። ስድስት ዓመት አብራኝ የሠራችው ሳጅን ወለሉ ላይ ተንበርክካ የብረት ሻጋታ በብዕሯ ጫፍ እየገፋች ነበር። ጠርዙ ላይ ደምና ፀጉር አለ።

«ተንሸራቶ ወደቀ የሚለን ይኖራል» አለች። «ሰውየው ወደ ግራ ተንሸራቶ በቀኝ የሚፈነከት ከሆነ እኔም አምናለሁ።»

ገንዳው ውስጥ ሦስት ኪዩብ የሚያህል ክፍተት ነበር። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ደግሞ የዛሬው ቀን በቀይ ተከቧል፦ ብሎክ አራት፣ የምድር ቤት ምሰሶዎች ጥገና፣ ሃያ ስምንተኛ ቀን።

ዘበኛው አስረዳኝ። ዘበኛ ቢሆንም በዚህ ነገር ከብዙ መሐንዲስ ይሻላል። አርማታ በተሞላ ቁጥር ከዚያው ከተቦካው ስድስት ኪዩብ ይወሰዳል፤ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ሦስቱ በሰባተኛው ቀን፣ ሦስቱ በሃያ ስምንተኛው ቀን ማሽን ውስጥ ገብተው ይጨፈለቃሉ። ኪዩቡ ከቻለ ፎቁም ቻለ ማለት ነው። ብሎክ አራት የሚባለው የመኖሪያ ፎቅ ደግሞ፣ አዲሱ ባቡር በጎኑ ሲሞከር፣ የምድር ቤት ምሰሶዎቹ ተሰነጣጥቀው በአዲስ አርማታ ተጠቅልለዋል። ከዚያ ቀለም ተቀቡ።

«የሰባተኛው ቀን ውጤት እንዴት ነበር?» አልኩት።

ዘበኛው አንገቱን ደፋ። «ያን ቀን ኪዩብ ሻዩን አልጠጣም።»

ስልኬ ጮኸ። ኮማንደሩ ነበር። «ሐሙስ የቤቶቹ ቁልፍ ርክክብ ነው። ባቡሩም ሐሙስ ይመረቃል። ይኼን ሁሉ ቤትና ባቡር በአስራ አራት ወር ጨርሰናል ብለን ለዓለም አውጀናል። አደጋ ነው በለኝና ልረፍ።»

«አደጋ አይደለም።»

«እንግዲያው ፍጠን። ሁሉም ሰው እየፈጠነ አይደል?»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ልለው ነበር። ዋጥኩት።

*

ቀትር ላይ እህቴ ደወለች። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዘጠኝ ዓመት ሁለት ሴት ልጆችና አንድ የስፌት መኪና ይዛ አስራ አንድ ቤት ተከራይታለች። ባለፈው ወር በስልኳ የቤት ድልድል መልእክት ደረሳት፦ ብሎክ አራት፣ ሦስተኛ ፎቅ። መልእክቱን ለእኔ ስታነብልኝ ድምጿ አልወጣ ብሏት ትንሿ ልጅ ነበረች የጨረሰችው።

«ወንድሜ፣ ሰው ሞተ የሚባለው እኛ ሳይት ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«ነፍስ ይማር። ርክክቡን ያዘገየው ይሆን? አከራዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሰጠኝ። ዕቃሽን ራሴ አወጣዋለሁ ብሏል።»

ልቆጣት አልቻልኩም። አፈርኩ እንጂ፤ ክፍተቱን ገንዳው ውስጥ ሳይ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

*

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አንድ ባለጋራዥ ነው። ጋራዡ በባቡሩ መንገድ ላይ ስለነበር ፈርሶበታል። ባለፈው ሳምንት ኪዩብን በሰው ፊት አንቆ «ከእናንተ አንዱን ሳልቀብር አልሞትም» ብሎታል። አስር ምስክር አለ። ከአስሩ አንዱ ራሱ ባለጋራዡ ነው፤ ቃሉን አይክድም። ግማሽ ቀን ሙሉ በከተማው ፈለግነው። ማታ ቢሮ ስንመለስ የእስር ክፍሉ ጠባቂ አላገጠብን።

«እሱን ነው የምትፈልጉት? ቅዳሜ ዶዘር ላይ ድንጋይ ወርውሮ እኛው ጋ ታስሯል። ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

ሳጅኗ ወደ ክፍሉ ገብታ አየችው። ባለጋራዡ ከአግዳሚው ቀና ብሎ፣ «ማን ሞተ?» አለ። ኪዩብ መሆኑን ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ። «እሱ እኮ ከመካከላቸው ሰው ነበር። ሳንቀው እንኳ ይቅርታ ጠየቀኝ።»

*

ሁለተኛው የሳይቱ መሐንዲስ ነው። የኪዩቦቹ መጥፋት የሚጠቅመው ከእሱ በላይ ሰው አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት የሙከራ ባቡር ላይ አገኘሁት፤ ወንበሮቹ ገና ላስቲካቸው አልተነሳላቸውም። በመስኮቱ ብሎክ አራት አጠገባችን አለፈ። ምሰሶዎቹ ቢጫ ናቸው።

«ሰኞ ከአስራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ባቡር ላይ፣ ከትልልቆቹ ጋር። ፎቶው በየስልኩ አለ።» አሳየኝ። የፎቶው ሰዓት ትክክል ነው፤ አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ደግሞ ለምስክርነት የሚጠሩ ዓይነት አይደሉም።

«ሦስት ኪዩቦች ጠፍተዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«አያሳስብህም?»

«ለምን ያሳስበኛል? ውጤት የለም ማለት መጥፎ ውጤት የለም ማለት ነው።» ቀልድ የነገረኝ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ፣ እኔ ሰው አልገደልኩም። ፍጥን ተባልኩ፣ ፈጠንኩ። ሃያ ስምንት ቀን ተኝተህ ጠብቅ የሚል ትእዛዝ ያመጣልኝ ሰው ካለ እግሩን እስማለሁ።»

በሳይቱ በር ላይ ተሰልፎ ስለሚውለው ሕዝብ ጠየቅኩት። ከብሎክ አራት የሚተርፉ ቤቶች ለተጠባባቂ ተመዝጋቢዎች ይሰጣሉ ስለተባለ፣ አራት መቶ ያህል ሰው ከዓመት በላይ በየጠዋቱ ይሰለፋል።

«የሚተርፍ የለም» አለኝ። «ኮምፒውተሩ ከወር በፊት ደልድሎ ጨርሷል። ሰልፉን ግን አትበትኑ ተባልን። ለካሜራ ጥሩ ነው፤ ቤቱ ተፈላጊ እንደሆነ ያሳያል።»

«ለሰዎቹስ የነገራቸው አለ?»

«ላም አለኝ በሰማይ ብሎ የሚኖርን ሰው ላሟን ለምን ትገድልበታለህ?»

በሚቀጥለው ጣቢያ ወረድኩ። ጣቢያው ገና ደረጃ ስላልነበረው መዝለል ነበረብኝ።

*

ኪዩብ ከባልቴት እናቱ በቀር ሌላ ዘመድ የለውም። ወዳጁ ማን ነው ብለን ስንጠይቅ ሁሉም አንድ ሰው ጠቀሱልን፦ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ። በየጠዋቱ ገንዳው አጠገብ ቆመው ያወሩ ነበር አሉን።

ሽማግሌው የሚኖሩት በአንድ ክፍል ነው። አልጋው ግማሹን ይዞታል፤ አልጋውን ደግሞ ባለቤታቸው ይዘውታል። ከጣሪያው ሥር ባልዲ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ የፖስታ ቦርሳቸው ተሰቅሏል፤ ቆዳው ተበልቶ ጠቁሯል።

«ልጄ ነበር» አሉ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። «ሚስትዎ እንዴት አደሩ ብሎ ሳይጠይቀኝ ሥራ አይጀምርም ነበር።»

«ሰኞ ጠዋት አገኙት?»

«ሰኞ አልሄድኩም። እሷን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ትንፋሽ አጥሯት አደረች።»

የሐኪም ቤቱን ካርድ አወጡ። ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። በትክክል። ባለቤታቸው ከትራሱ ላይ ሆነው ወደ ጣሪያው እያዩ ነበር።

«ከቤት በቀጥታ ሄዳችሁ?» አለች ሳጅኗ።

«በቀጥታ።»

ስንወጣ በር ድረስ ሸኙን። «ልጄ፣ ሐሙስ ርክክቡ አይቀርም አይደል?» አሉኝ። እህቴም ጠይቃኛለች፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። «አይቀርም» አልኳቸው።

የሬሳ ምርመራው ውጤት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ኪዩብን የገደለው የጭንቅላቱ ቁስል አይደለም። ሳንባው ውሃ ሞልቶታል። ሐኪሙ በስልክ እንዲህ አለኝ፦ «ከውሃው ያወጣው ሰው ቢኖር ዛሬ ራስ ምታት አለብኝ እያለ ይነጫነጭ ነበር።»

*

ረቡዕ ማለዳ ወደ በሩ ሄድን። ሰልፈኛው ተቀምጧል። የሚቀመጡት ኪዩብ ላይ ነው፤ ማሽኑ የጨፈለቃቸውን ኪዩቦች ዘበኛው ወደ ውጭ ይጥላቸዋል፣ ሰልፈኛው መቀመጫ ያደርጋቸዋል። ጥጉ የተሰበረ፣ መሀሉ የተሰነጠቀ፣ አንዳንዱ ግማሽ ብቻ የቀረ።

ሰልፉን የምትመራው ጡረተኛ መምህርት ናት። «ጠሪዋ» ይሏታል። አንዱን ኪዩብ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ተቀመጥ፣ ልጄ፤ ቆሞ የሚጠይቅ ፖሊስ አልወድም» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ምቹ ነበር፤ ዝንፍ የማይል። እጄን ወደ ሥሩ ሰድጄ ዳሰስኩት። አራቱም ጥግ ሙሉ ነው። ብድግ ብዬ ገለበጥኩት፦ ብሎክ አራት፣ የምድር ቤት ጥገና። ቀኑ የተጻፈው በሟቹ እጅ ጽሕፈት ነው።

ሳጅኗ ሁለት ሰዎችን አስነሳችና ሌሎቹን ሁለት አገኘች። ያልተጨፈለቁ፣ ሙሉ ሦስት ኪዩቦች። ሰኞ ፖሊስ ሳይቱን ሲበረብር ሕዝብ ተቀምጦባቸው ነበር የዋለው።

ዘበኛውን ጠራሁት። «ማንም አልገባም ብለኸኝ ነበር።»

«ማንም አልገባም።»

«እነዚህስ?»

«እነሱማ ውሃ ሊቀዱ ወደ ቧንቧው ይገባሉ፤ ሁሌም ይገባሉ።» በጣም ተገረመብኝ። «እነሱ እኮ ሰው... ማለቴ እንግዳ አይደሉም።»

ወደ ጠሪዋ ዞርኩ። «ሰኞ ማለዳ እዚህ የነበረው ማን ማን ነው?»

«እሱማ ቀላል ነው።» ከጉያዋ ባለ መስመር ደብተር አወጣች። «በየቀኑ ልክ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቁጥር እጠራለሁ። አቤት ያለ ይፈርማል። በወር ሦስቴ የቀረ ከመጨረሻው ቁጥር ይጀምራል። ደላላና አጭበርባሪ እንዳይገባብን ያወጣነው ሕግ ነው።»

«የታመመስ?»

«የታመመም፣ የወለደም፣ የተቀበረም» አለች። «እኔ ራሴ ልጄን ስድር አንዴ ቀርቻለሁ።»

ሳጅኗ በትከሻዬ ላይ ደብተሩን ታነባለች። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ዘጠኝ ቁጥር። በወሩ ውስጥ ሁለት ቀይ መስቀል አለበት፤ ሰኞ ግን ተፈርሟል፣ ደብዳቤ ሲያድል በኖረ ሰው ጽሕፈት፣ ጥርት ብሎ።

«ዘጠኝ ቁጥር ማን ነው?» አልኳት፣ ባውቅም።

«ፖስተኛው ናቸው። ያሳዝናሉ። ሚስታቸው ታማ በዚህ ወር ሁለቴ ቀርተዋል። ሰኞም ቀርተው ቢሆን ከዘጠኝ ወደ አራት መቶ ሠላሳ መውረዳቸው ነበር። ግን መጡ፤ ከሁሉ ቀድመው። ቦርሳቸውን ይዘው ነበር፣ ከባድ ነገር ያለበት ይመስላል፤ ላግዝዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ።»

*

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ሸሚዝ እያጠቡ አገኘናቸው። ሳጅኗን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሸሚዙን ጨምቀው በጥንቃቄ አሰጡ።

«ከውስጥ አትግቡ፣ ተኝታለች» አሉ። «እዚሁ ጠይቁኝ።»

«ሰኞ ፈርመዋል፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐኪም ቤት ነበርኩ ስላችሁ እንኳ ደብተሩ ትዝ ብሎኝ ነበር። አለመፈረም ግን አልቻልኩም።»

«ምን ሆነ?»

«ሊያድነኝ እኮ ነው የነገረኝ። አባባ፣ ብሎክ አራት ውስጥ ቢሰጥዎት እንዳይገቡ አለኝ። የሰባተኛው ቀን መጥፎ ነበር፤ ዛሬ እነዚህን እጨፈልቅና ሪፖርቱን እጽፋለሁ፣ ያፈርሱታል አለኝ። ደስ ብሎት ነበር፤ ሰው ላድን ነው ብሎ። እኔስ አልኩት። ሌላ ይሠራል አለኝ። ሌላ! ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ እሷ ደግሞ ይህን ክረምት አትዘልቀውም። ኪዩቦቹን ላወጣ እጄን ወደ ውሃው ሰደድኩ። ያዘኝ። ገፈተርኩት።»

«ወድቆ የብረት ሻጋታው መታው።»

«መታው። ተነሳና ተንገዳገደ፣ ከዚያ ገንዳው ውስጥ ወደቀ። ይነሳል ብዬ ቆምኩ። ሰዓቴን አየሁ። ለአስራ ሁለት አስር ጉዳይ ነበር።» ወደ እኔ ቀና አሉ። «እሱን ጎትቼ ባወጣ፣ ሰው ብጠራ፣ ጥሪው ያልፈኛል ብዬ አሰብኩ። ይኼን ነው ያሰብኩት፣ ልጄ። ሌላ ምንም አይደለም። ሦስቱን ኪዩብ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። ቁጥሬ ሲጠራ አቤት አልኩ።»

«ያኔ በሕይወት ነበር።»

«አውቃለሁ። ስወጣ ውሃው ይንቀሳቀስ ነበር።»

ሳጅኗ ፊቷን አዞረች። ሥራዬን ጠላሁት፤ ሽማግሌውንም ጠላሁ፣ አሳዘኑኝም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ካቴናውን ላወጣ ስል እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉልኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ቁጥሬ ለባለቤቴ ይተላለፋል? እሷ ምንም አላደረገችም። ጠሪዋ ጥሩ ሰው ናት፤ አንተ ብትነግርልኝ...»

ባቡሩ ላይ የሰማሁት ትዝ አለኝ። የሚተርፍ ቤት የለም፤ ኖሮም አያውቅም፤ ደብተሩን ከሰልፈኛው በቀር የሚያውቀው የለም። ይህንን ሊሰሙ የሚገባቸው ሰው ቢኖሩ እሳቸው ናቸው።

«ይተላለፋል» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አለቀሱ።

*

ሦስቱን ኪዩቦች ያንኑ ቀን ሌላ ላቦራቶሪ ወስደን አስጨፈለቅናቸው። ሃያ አምስት ሜጋፓስካል ጫና መሸከም ሲገባቸው፣ አንዱም ከአስራ ሦስት አላለፈም። ወረቀቱን ይዤ እየሮጥኩ ኮማንደሩ ቢሮ ገባሁ። ሁለቴ አነበበው። ስልክ ደወለ፣ «እሺ፣ እሺ» አለ፣ ዘጋው።

«ኪዩቦቹ ከገንዳ ወጥተው ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ውለዋል» አለ ወደ እኔ ሳያይ። «ሰው ተቀምጦባቸዋል። ለግድያው ማስረጃ ይሆናሉ። ለፎቁ ግን አይሆኑም አሉ።»

«ሰዎች ይገቡበታል እኮ።»

«ከገቡ በኋላ የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋማል። አንተ ሥራህን ጨርሰሃል፤ በሦስት ቀን። ስምህን ለሹመት እልካለሁ።»

ወረቀቱን ለጋዜጠኛ ልኬዋለሁ፤ ለሁለት። አንዱ አልመለሰልኝም። ሌላው ሐሙስ ሪባኑ ሲቆረጥ አየሁት፤ ባቡሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ያነሳል። የሰልፉ ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመው አጨበጨቡ። ጠሪዋ ደብተሯን አቅፋ ነበር።

ቅዳሜ እህቴ ዕቃዋን በትንሽ ጭነት መኪና አመጣች። ልጆቹን ወደ ላይ ሰድጄ ምድር ቤቱ ውስጥ ያዝኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ኪዩቦቹ፣ ስለ ላቦራቶሪው ቁጥር፣ ቀለሙ ስለሸፈነው ስንጥቅ። ቢጫውን ምሰሶ በመዳፏ እየዳበሰች ሰማችኝ። ከበላያችን ልጆቹ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲሮጡ ይሰማል።

«አንተ ጋ እንምጣ?» አለችኝ።

እኔ የምኖረው የሥራ ባልደረባዬ ባከራየኝ አንድ ክፍል ነው፤ እሷም ታውቃለች።

«ፎቁ ለስንት ጊዜ ይቆማል?»

«አላውቅም። ዓመትም፣ ሃያ ዓመትም ሊሆን ይችላል።»

«አከራዬ ከሰጠኝ ጊዜ አምስት ቀን ነው የቀረኝ» አለች። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዳ የቁም ሣጥኑን አንድ ጫፍ ብድግ አደረገች። «በል ያንን ጫፍ ያዝ።»

ያዝኩት። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አወጣነው።